መቀርቀሪያውና የሚካኤል ጽዋ

ጥር ሚካኤል ሲቃረብ ጋሽ ለገሠ በስደት በሚኖሩበት ከተማ ካለው ከጀፕስታውን ሰፈር የጅምላ ሱቆች የበር መቀርቀሪያ ገዝተው ሲወጡ ከሰርክአዲስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰርክአዲስ የወይዘሮ በለጥሽ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ትሠራለች፣ ታሪክ ማንበብም ትወዳለች። ኮቪድ ለሁለተኛ ጊዜ አገርሽቶ መንግሥት የጸሎት ስብሰባን የከለከለበት ሰሞን ነበር።

«ደህና ነዎት ጋሼ? መቀርቀሪያው ለምንዎ ነው?» አለች ጎንበስ ብላ።

«ፖሊስ እንዳይገባ ነዋ። የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ከሱቄ ኋላ ያለው መጋዘን መስኮት የለውም፤ ድምፅ አያወጣም። ከውስጥ ቀርቅረን ጽዋችንን እንጠጣለን።»

«በዚያው በአንድ ጽዋ?»

«ታዲያ በስንት ልታደርጊው ነው? መጠጥ መሸጥ ብለው ቢራውን ቢከለክሉም የእኔን ጠላ አያውቁትም።»

ሰርክአዲስ አልሳቀችም። «እናቴ ስኳር እንዳለባት ያውቃሉ። እርስዎ የማኅበሩ ሙሴ ነዎት፤ ቅሪ ካላሏት አትቀርም» አለች።

ሙሴ የማኅበሩ መሪ ነው፤ ቃሉ ይከበራል። ጋሽ ለገሠም ይህን ስለሚያውቁ ኮራ ብለው ቆሙ።

«ስሚ ልጄ፣ የገበያ አዳራሹ ጢም ብሎ እያየሽ ጸሎት ብቻ ሲዘጋ ማሳደድ አይደለም? መቃብያን ለጣዖት አንሰግድም ብለው እሳት ገቡ። እኔ ቅጣት ፈርቼ ጽዋዬን ልተው?»

«ስለ ገበያው እውነትዎን ነው፤ አቤት ማለት ይገባናል። ግን ጣዖት ስገዱ ያለን የለም። ደግሞ በካህኑ በማታትያስ ዘመን የነበሩትን ሰዎች ታሪክ ሰምተዋል? አንጥያኮስ የሚባል ንጉሥ ሰንበትን ሻረ፣ መቅደሱን አረከሰ። በሃይማኖታቸው የጸኑ አይሁድ ከነቤተሰባቸው ዋሻ ገቡ። ወታደሮቹ ሰንበት ቀን ጠብቀው መጡባቸው።»

«ተዋጉ?»

«ድንጋይ እንኳ አልወረወሩም። የዋሻውን በር መድፈንም ሰንበት መሻር መሰላቸው። ከነሚስት ከነልጆቻቸው አለቁ፤ ሺህ ያህል ሰው።»

ጋሽ ለገሠ ቀና ብለው አዩዋት። «ሕፃናቱም?»

«ሕፃናቱም፣ ከብቶቹም።»

ሽማግሌው መቃብያን ሲባል የሚያውቁት ጽናትን ነበር፤ በጽናት ውስጥ እንዲህ ያለ እልቂት ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም። «ሰማዕታት ናቸዋ» አሉ ቀስ ብለው።

«ናቸው። ማታትያስም አለቀሰላቸው። ግን ሁላችንም እንደ እነሱ ካደረግን ሰንበትን የሚያከብር ሰው ከምድር ይጠፋል ብሎ ተማከረ። ከዚያ ወዲያ በሰንበት ቢመጡባቸው ሊከላከሉ ወሰኑ። ሃይማኖቱን አልተወም ጋሼ፤ ሰዎቹ ስለተረፉ መቅደሱን አጸዱ፣ ሰንበቱም ተመለሰ።»

«የእኔ ጠላት ግን ወታደር አይደለም» አሉ ጋሽ ለገሠ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«አይደለም። የእርስዎማ በር አያንኳኳም፤ ከአንዳችን ጋር አብሮ ይገባል።»

ጋሽ ለገሠ የያዙትን መቀርቀሪያ አዩ። መስኮት የሌለውን መጋዘን፣ ዘይትና ዱቄት መሀል ተጠጋግተው የሚቀመጡትን ሰዎች አሰቡ። እነዚያ በሩን ሳይደፍኑ አለቁ፤ እሳቸው ደፍነው ሊያስፈጁ ነበር።

«ጸሎቱስ?»

«በዋትሳፕ ይምሩን። ጽዋው እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኛ በየኩባያችን እንጠጣ። ድፎውን ቆርሰው ሱቁ ለተዘጋበትና ለታመመው በየደጁ ይላኩ።»

በሚካኤል ዕለት ጧት እንዲሁ ሆነ። ዳቦው ከዚህ በፊት ማኅበር መጥተው ከማያውቁ ሕመምተኞች ደጅ ሳይቀር ደረሰ፤ በርቀት ምክንያት ከማኅበሩ የቀሩት የዳቬይተን ሰፈር ሰዎችም ከዓመታት በኋላ አብረው ጸለዩ። ማንም የማኅበሩ ሥርዓት ጎደለ አላለም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ከስልኩ የማኅበርተኛው የዑራኤል የሻከረ ድምፅ ተሰማ። ዑራኤል ጽዋውን ከሙሴው እጅ የሚቀበለውና ከጎኑ ለሚቀመጡት ለወይዘሮ በለጥሽ የሚያሻግረው ሰው ነው።

«ሙሴ፣ አሁን ውጤቴ ደረሰኝ። ይዞኛል። ሽታ ከጠፋብኝ ሰንብቷል፤ እኔ ጉንፋን መስሎኝ…»

ጋሽ ለገሠ ጠረጴዛቸውን አዩ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መቀርቀሪያው ከእሽጉ ሳይወጣ አጠገቡ ተቀምጧል። ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«በለጥሽ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ ሙሴ» አሉ ወይዘሮ በለጥሽ።