የካሜራ ግንባር የት ነው?

ራንጋስዋሚ የእህቱን ልጅ ቻይትራን ይዞ ወደ ጊሪጃማ ሱቅ የገባው ወዶ አልነበረም። ሃያ ዓመት የሠራበትን ትልቁን ካሜራውን «በዘመድ ዋጋ» ሊሸጥላት ከእናቷ ጋር ጨርሶ ነበር። ልጅቷ ግን እሑድ የጎረቤት ሕፃን ስም ሲወጣለት ፎቶ እንድታነሳ ተጠርታ ነበርና፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ስለሆነ «ሌላም ልይ» አለች። ስለዚህ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጊሪጃማ፣ ከሕንዷ ማይሱሩ ከተማ ገበያ ጀርባ አሮጌ ካሜራ የምትሸጠው ባልቴት፣ አሬራ አቀረበችለትና ፊቷን ወደ ልጅቷ አዞረች።

«ዝናቡ አስቸገረን አይደል፣ ልጄ? የእናትሽ ጉልበትስ ተሻላት? ተመስገን... እና ካሜራ ልትገዢ ነዋ። ለጀማሪ የሚሆን፣ ርካሽ፣ ግን ጥሩ የሚያነሳ። እስቲ ይቺን ያዣት። ቀለለችሽ? እሱ ነው እንከኗ። ካሜራ እንደ ሐብሐብ በክብደት ነው የሚመረጠው ያሉኝ አንድ የተከበሩ ሰው አሉ... ስማቸው ምን ያደርግልሻል፣ ሰው ማማት አልወድም። ይቺ አጉልታ አታቀርብም፤ መቅረብ ካማረሽ በእግርሽ ትጠጊያለሽ። ሕፃኑን መስኮት አጠገብ አድርጊው፣ የቀረውን ብርሃኑ ይጨርስልሻል። እኚያ ሰው ግን መስኮት መች ይፈልጋሉ? የራሳቸው ቀለም አላቸው።

«አየሽ፣ አምላክን የሚፈሩ ሰው ናቸው። በመሣሪያ በዓል ሁላችንም ለበረከት የሥራ ዕቃችንን ቀይ ዱቄት እንቀባ የለ? አውቶቡሱን ግንባሩ ላይ፣ መጋዙን እጀታው ላይ፣ የስፌት መኪናውን አናቱ ላይ። እሳቸውም ካሜራቸውን አገላብጠው አገላብጠው... ግንባሯ የት ይሁን? መስታወቷ ላይ አደረጉላታ። በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ምን ይፈረድባቸዋል፣ ያልተማረ ቢሆን ጀርባዋን ነበር የሚቀባት። የተባረከ ነገር ደግሞ አይጠረግም። በየዓመቱ ደረቡበት እንጂ።»

ራንጋስዋሚን አሬራው ትን አለው። ፎቶዎቹ ለምን እንደሚቀሉ ሲጠየቅ ሁልጊዜ በፎቶ አጣቢው ላይ ነበር የሚያሳብበው።

«ቀስ ብለው ይጠጡ፣ ወንድሜ... እና ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ዓይነ አፋር ያልሆነ ሙሽራ ታውቂያለሽ? ሙሽሪት ትቀላለች፣ ሙሽራው ይቀላል፣ አማቲቱም ትቀላለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ተብላ በፎቶዋ ብቻ ከሦስት ቤት ለጋብቻ የተጠየቀች ልጅ አለች። አንዱን ጎረምሳ ግን የሚስት ወገኖች ፎቶውን አይተው ለቆዳ ሐኪም ላኩት። በዳሰራ በዓል ሰልፍ ያነሱት ዝሆንስ? ያን የሚያህል ዝሆን፣ አፍሮ... ምን አድርጎ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሳቸው ምንም አልጣሉም፣ የቆጡንም የብብቱንም እኩል አቀሉት።»

ጊሪጃማ ወደ ግድግዳው ቀና አለች። ለሞተ ሰው እንደሚደረገው የአበባ ጉንጉን የተንጠለጠለበት የባሏ ፎቶ ተሰቅሏል። ከአንገቱ በላይ ቀይ ጭጋግ ነው። ራንጋስዋሚ አወቀው፤ በልጇ ሰርግ ላይ ያነሳው እሱ ነበር።

«የመጨረሻ ፎቶው ናት፣ ሌላ የለኝም። የገባ ደንበኛ ሁሉ «ምን ጠጥተው ነው?» ይለኛል... ከአሬራ በቀር ያልቀመሰ ሰው። እኔም ቅንድቡን እየረሳሁት ነው፣ ልጄ። እሱ ያመኛል። ግን ቂም አልያዝኩም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? አንቺም ዘመድ የሚሸጥልሽ ካሜራ ካለ... ከነበረከቱ መውሰድ ነው።»

ራንጋስዋሚ ቦርሳውን በቀስታ ከፈተ። የሌንሱን ክዳን አነሳና መስታወቱን በመሐረቡ ጫፍ አሸት አደረገው። መሐረቡ ቀላ። ቀና ሲል ቻይትራ ትንሿን ካሜራ አንገቷ ላይ አጥልቃ መሐረቡን ታያለች።

ጊሪጃማ ሒሳቧን ተቀብላ ሁለቱንም እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

«እሑድ ይቅናሽ፣ ልጄ። ለእኚያ ደግ ሰውም እጸልያለሁ። አምላክ መቶ ዓመት ያኑራቸው፣ ዓይናቸውን አይንሳቸው፣ እጃቸው አይንቀጥቀጥ። ያቺን ካሜራቸውንም የሚገዛ አይምጣባቸው... ከመቶ ዓመት በኋላ ልጆቻቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉትን ፎቶ፣ አደራ፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳቸው። በገዛ ካሜራቸው፣ በገዛ እጃቸው ያንሱት።»