አጥሩ የተራመደበት ክረምት

በእኛ ጊዜ ትምህርት ተዘጋ ማለት ደብተር ሞተ ማለት ነበር። እውነቴን ነው፣ አትሳቁ! ሰኔ ሲያልቅ ደብተራችን ሱቅ ይሄድና በርበሬ ይጠቀለልበት ነበር፤ እኔ ራሴ አራተኛ ክፍል ሆኜ የጻፍኩትን ድርሰት በርበሬ ተጠቅልሎበት አግኝቼዋለሁ፤ ታዲያ ምን ላድርግ? በርበሬውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እና መስከረም ላይ እርሳስ ስንይዝ ጣታችን እንጨት ነው፤ ሁለት ወር ያልጻፈ እጅ ምን ይጽፋል?

ታዲያ እኔ መምህርት ስሆን "እንዲህማ አይሆንም!" አልኩ። ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ቸሃ ገጠር ነበር የማስተምረው፤ እና በመዝጊያው ቀን ልክ እንደ ዛሬው ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ፣ "ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ሦስት መስመር ትጽፋላችሁ፤ የሰማችሁትን አይደለም፣ ያያችሁትን!" አልኳቸው። ጩኸቱን ብትሰሙ! "ቲቸር፣ ምን እንጽፋለን? እንሰት፣ ዝናብ፣ ጭቃ፤ አለቀ'ኮ!" ይላሉ። ወይንሸት የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ "ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ምንም ነገር አይደረግም" አለችኝ። "እንግዲያው እርምጃሽን ቁጠሪ" አልኳት። ለመገላገል ነው ያልኳት፣ አልዋሽም።

እሷ እቴ፣ የምሯን ያዘችው! ጀፎረ ታውቁ የለ? እናንተ የወልቂጤ ልጆች ለመስቀል አገር ቤት ስትሄዱ ኳስ የምትጫወቱበት፣ በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊው የሣር መንገድ። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፤ ከእሱ ላይ ስንዝር መቁረጥ ነውር ነው። ታዲያ ልጅቷ በየጠዋቱ ከደጃፋቸው ተነስታ ጀፎረውን አቋርጣ እስከ ማዶው ጎረቤት አጥር ትቆጥራለች፤ ትመለስና ደግሞ ከደጃፋቸው እስከ ትልቁ ዝግባ ትቆጥራለች፤ እና ትጽፋለች። "ሐምሌ አምስት። ዛሬም ዝናብ። እስከ ማዶ አጥር ስልሳ ሁለት። እስከ ዝግባው አርባ።" በማግስቱም ያው፣ በሳልስቱም ያው! ነሐሴ ሲገባ ግን፣ "እስከ ማዶ አጥር ሃምሳ ዘጠኝ። እግሬ አድጓል መሰለኝ" ብላ ጻፈች። ነሐሴ ሲያልቅ ሃምሳ አምስት።

እግሯ አልነበረም፣ የኔ ልጆች። የማዶው ጎረቤት አቶ ሳህሌ፣ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ ክረምቱን አገር ቤት ከርሞ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ አጥሩን ትንሽ ትንሽ እየነቀለ ወደ ጀፎረው ይተክል ነበር! ለመስቀል ጀፎረው ሲጸዳ ሽማግሌዎቹ "ጠቧል" ቢሉ፣ "ዓይናችሁ ደክሞ ነው፤ አጥሩ አባቴ የተከለው ቦታ ነው ያለው" ብሎ ድርቅ አለ። አንዱ እዚህ ነበር ይላል፣ አንዱ እዚያ ነበር ይላል፤ እና ቅዳሜ ሊቀመጡለት ቀጠሩ።

ታዲያ ወይንሸት ደብተሯን ክፍል ውስጥ ስታነብ ወሬው አቶ ሳህሌ ጋ ደረሰና ቤቴ መጣ። "እትዬ፣ እንደምን ዋሉ" አለ፤ ተቀመጠ፤ የጫማውን ጭቃ ምንጣፌ ላይ አራገፈ። "ያቺን የልጅ ደብተር ይሰብስቡልኝ። እርስዎ ነዎት ያዘዟት።"

"ለምን ብዬ?"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው! ደግሞ ወንድሟ እኔ ሱቅ ነው የሚሠራው፤ እንጀራው እኔ ጋ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እትዬ።"

እሱ ሲወጣ የወይንሸት እናት እያለቀሰች ገባች። "በሞቴ ይቀደድ! ልጄ ሥራ ይፈታብኛል።" ፈራሁ ወይ? ፈራሁ እንጂ! ደሞዙ የእኔ አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው። ልጅቷን ጠርቼ፣ "ደብተሩ ያንቺ ነው፤ ምን ይሻላል?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ያየሽውን ጻፊ አላሉኝም?"

"ብዬሻለሁ።"

"እኔም አይቻለሁ!"

በቃ! ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከዝግባው ሥር ተቀምጠዋል፤ አቶ ሳህሌ ደብተሩን ከእጇ መንጨቅ አድርጎ ገለጠና፣ "ይኸው! 'እግሬ አድጓል መሰለኝ!' ራሷ ጽፋዋለች! ልጅ ያድጋል፣ እርምጃው ይረዝማል፣ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ይሄም ነገር ሆኖ!" ብሎ ሳቀ። ሰውም አብሮት ጉርምርም አለ።

አባ ንዳ የሚባሉ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ነበሩ፤ እሳቸው በትራቸውን ቀና አድርገው፣ "እስኪ ዝግባውን አንብቡልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። ሐምሌ አርባ፣ ነሐሴ አርባ፣ መስከረም አርባ። "ተነሺ፣ ተራመጂ" አሏት። ልጅቷ ከደጃፏ ተነሳች፤ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ ዝግባው ጋ ስትደርስ አርባ! ተመልሳ ከደጃፏ ወደ ማዶ አጥር ተራመደች፤ ሃምሳ አምስት! ከዚያ አባ ንዳ ዘወር ብለው፣ "ሳህሌ፣ እግሯ ቢያድግ ዝግባውም ይቀርባት ነበር። ዝግባው እንደቆመ ነው፤ የተራመደው ያንተ አጥር ነው" አሉት። ለመስቀል አጥሩን በገዛ እጁ መለሰ።

አላበቃም። ወንድሟ ከሱቁ ተባረረ፤ እዚሁ ወልቂጤ ተመልሶ ባጃጅ እስኪያገኝ ስንት ወር ተንከራተተ! እናቷ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈገችኝ። ለልጁ ዛሬም አዝናለሁ። ደብተሩ ባለመቀደዱ ግን አልቆጭም፤ ነገም ቢመጣ፣ ከነገ ወዲያም ቢመጣ አላስቀድድም! እናንተ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ብላችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፋችኋል፤ ቆንጆ ነው፣ ሸረሪት አድርቶበታል። እኔ የምላችሁ ሐምሌን ጻፉ፣ ነሐሴን ጻፉ፤ "ምንም አልተደረገም" ብላችሁም ቢሆን ጻፉ። እንድትጽፉ የማይፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ገጽ ጻፉ!

(ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።)

"ቲቸር... ድንበር የሚገፋው የራሴ አባት ቢሆንስ?"

(አንዳንዶቹ ወደ ልጅቷ ዞሩ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።)

እ... እስኪ አትዩዋት እናንተ፣ ወደ እኔ ዙሩ! ነይ የኔ ልጅ፣ ወደዚህ ነይ። ጻፊው። ጽፈሽ ስትጨርሺ ግን ከማንም በፊት ለእሱ አንብቢለት።