የድልድዩ መሠረት ላይ የቆመችው ሥዕል

በኛ ጊዜ ሰው ነበር ወደ ሥዕል የሚሄደው። ሥዕል በአውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በፒክአፕ ተጭኖ ወደ ሰው ሲመጣ ያየሁት በኢሕአዴግ ዘመን ነው። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን ነው! የእመቤታችን ሥዕል ናት፤ አገር ላገር ትዞራለች። እኔ ሐዋሳ ደርሼ ለመምጣት ፈቃድ ለምኜ፣ ከሚስቴ ተጣልቼ ነው፤ እሷ ስንቱን ባሕር ተሻግራ ሶዶ ገባች።

ታዲያ ያኔ ገሱባ አጠገብ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ጴንጤ ነኝ፣ ታውቃላችሁ፤ ደሞዙ ግን ሃይማኖት አልነበረውም። እና ዳይሬክተራችን ሲስተር አልማዝ ሰበሰበችንና፣ “ልጆቹን ሶዶ ወስደን ሥዕሏን እናሳያቸዋለን። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የምትቆየው፤ ከዚያ ወደ ኩቻ ታልፋለች” አለች።

“ኩቻ የምትሄደው በኛ በኩል አይደል እንዴ? እዚሁ በራችን ላይ ቆመን አናያትም?” አልኳት።

“ገሱባ አትቆምም፤ ፕሮግራም የላትም።”

“እንዴ! ልክ እንደ ባለሥልጣን! መስታወቷን ዘግታ፣ አቧራውን አልብሳን ልትሄድ!” ብል በዓይኗ ገረፈችኝ። ያ ዓይን ዳጣ ነው፣ ዳጣ! እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ታዲያ ከሁሉ የቸኮለችው እማማ ማርታ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ። አንድ ልጇ ዳንኤል ደላላ ተከትሎ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ዓመት አልፎት ድምፁ የለም። አንዱ መጥቶ “መንገድ ላይ ሞቷል፣ ድንኳን ጣይ” ይላታል፤ ሌላው “ታስሮ ነው” ይላታል። እና ያን ለት ነጠላዋን መቀነት አድርጋ ሊያደርሰን የመጣው አይሱዙ ላይ ከልጆቹ ቀድማ ወጣች። “ሥዕሏ ፊት ቆሜ እጠይቃታለሁ። ዛሬ ካላገኘኋት ግን ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም” አለች።

ሄድን። ልጆቹ እየዘመሩ፣ አይሱዙው እያነጠሰ፣ ወንዙ ደረስን። ያ ወንዝ ድልድይ የለውም። ክረምት ሲሆን በሬ ይወስዳል፤ አንዴ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ወስዶ ኦሞ ላይ ነው ያገኟቸው፣ ሚዜዎቹ አሁንም እየጨፈሩ! ያን ለት ግን ውሃው ጎደል ብሎ ስለነበር አይሱዙው ውስጥ ለውስጥ ተሻገረ። ብንሻገር፣ እንዴ! መንገዱ አፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ሪባን ተወጥሯል፣ ካሜራ ያዥ ቆሟል። ለካ ለድልድዩ የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ነው!

አንድ ኮቱ የሰፋው ካድሬ ዩኒፎርም ለባሽ ልጆቻችንን ሲያይ ፊቱ በራ። “አቀባበል አድራጊዎቹ መጡ! አሰልፏቸው!” አለ። በዚያ ዘመን ሹም በመጣ ቁጥር ተማሪ ቅጠል ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ልማድ ነው። የታዘዙት የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ቀርተውበት ኖሯል።

ሲስተር ወርዳ፣ “ጌታዬ፣ ያሳልፉን፤ እመቤታችን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የምትቆየው” አለችው።

“የትኛዋ እመቤት? ከክልል ናት ከዞን?”

እና ሊሰማን ነው? አሰለፈን። ልጆቹ ደግሞ ሌላ መዝሙር አያውቁም፤ “ሰላም ለኪ ማርያም” ብለው ጀመሩ፣ ካድሬው ያጨበጭባል። ለካ የዕለቱ ሹም እሱው ነው፤ ንግግር ጀመረ። የማያልቅ ንግግር! የሚገለጠው የመሠረት እብነ በረድ ገና ከሶዶ አልመጣም፤ የሱን ስም አሳስተው ቀርጸውት እንደገና እየተቀረጸ ነው አሉ። እስኪመጣ ድረስ ይናገራል። ልማት ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞ ልማት ይላል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ስድስት ሰዓት አለፈ። እማማ ማርታ ሣር ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። “አለቀ፣ ልጄን ቀበርኩት” አለች፤ ለኔ ብቻ፣ በቀስታ።

በዚያው ቅጽበት ከሶዶ በኩል አንድ ነጭ ፒክአፕ መጣ። ከኋላው በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ አራት ማዕዘን ነገር ቆሟል።

“መጣ! ድንጋዩ መጣ! አውርዱት!” አለ ካድሬው።

ከፊት የተቀመጠው ወጣት አባ፣ “ቆዩ! ቆዩ እንጂ! ይሄ እኮ…” እያለ ዘለለ። አንድ ሚሊሻ በእጁ ገታ አደረገው፤ “አባ፣ ፕሮቶኮል አለ!” አለው። ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ገብቶኛል፤ እና ተናገርኩ? ጭራሽ! ሰው ሲሳሳት እንደማየት የሚጥመኝ ምን አለ!

ታዲያ አወረዱት፣ ለድንጋዩ የተሠራው ሲሚንቶ ላይ አቆሙት። ካድሬው ሪባኑን ቆረጠ፣ ካሜራውን አየ፣ “ይህ የሕዝባችን የዘመናት ጥያቄ…” አለና ጨርቁን ሳበ። እመቤታችን! ልጇን አቅፋ ቁልጭ ብላ እያየችው! ሰውዬው ደግሞ የኛው ቸርች ሽማግሌ ነው፤ በየእሁዱ በሥዕል ላይ ስንቱን የዘለፈ! ግን አፉ ለምዶት ቆሞ መቅረት አልቻለም፤ “…ዛሬ መልስ አገኘ!” ብሎ ጨረሰው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ልጆቻችን ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። ካሜራ ያዡ መቅረጹን ቀጠለ፤ ለሱ ሁሉም አንድ ነው።

እማማ ማርታ ሕዝቡን ጥሳ ሄዳ ክፈፉን በሁለት እጇ ያዘች። በወላይትኛ ነው የተናገረችው፣ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ፤ “አንቺ፣ ልጅሽን አቅፈሻል። የኔ የት ነው? ካለ መልሽልኝ። ከሞተም ቁርጡን ንገሪኝ፤ ሳላውቅ ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ?” አለች። ካድሬው ላብ በላብ ሆኖ ጨርቁን ሊመልስ ተጠጋ። “እማማ፣ በቃ፣ ሰዓት የለም።”

ዞር ብላ አየችው። “አንተ ልጅ፣ አንተ ስትናገር ዝም አላልኩህም?”

ካድሬው ጨርቁን እንደ ፎጣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እስክትጨርስ ድረስ ቆመ። ስትጨርስ ፊቷን ጠረገችና፣ “ለቅሶ አልቀመጥም፤ እጠብቃለሁ” አለች።

እና ጠበቀች። ልጁ ታንዛኒያ እስር ቤት ኖሮ፣ ተለቆ መጣ። ሥዕሏ ናት ወይ አትበሉኝ፤ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እንዳታስመሰክሩኝ! ድንጋዩስ? እሱ በማግስቱ መጥቶ ያለ ጭብጨባ ተተከለ፤ አሁን ፍየል ይታከክበታል። ስለ ድልድዩ ስንጠይቅ “በጀት” ይሉናል።

ታዲያ ልጁ የመጣው በክረምት ነው፤ ደግነቱ ዝናቡ ሁለት ቀን ጋብ ብሎ ነበር። አውሮፕላን አምጥቶት፣ አውቶቡስ አምጥቶት ወንዛችን ዳር ቆመ። ከወዲህ በኩል እናቱ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ትጮሃለች፤ “ዳኒዬ! ጫማህን አውልቅ! ሱሪህን ሰብስብ! በድንጋዩ በኩል ና፣ እዚያ ጋ ጥልቅ አይደለም!” ሻንጣውን አናቱ ላይ አድርጎ፣ በውስጥ ሱሪ ተሻግሮ እቅፏ ውስጥ ገባ።

አያችሁ? ድንጋዩም ጠቀመ እኮ! ጥልቁ የት እንዳልሆነ ያሳያል! ሃ ሃ ሃ!