የጭላዳ መንገድ አስጎብኚው የአቶ ሙሀባው ሰይድ የሕይወት ታሪክ

ከሪያድ ሰፈሮች ከነሲም፣ ከሺፋና ከራውዳ አሠሪዎቻችሁን አስፈቅዳችሁ፣ ለለቅሶ ወደተከራየናት ወደዚህች የማረፊያ ግቢ፣ ኢስቲራሃ፣ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አላህ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። እኔ ኪዳን የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ከሟቹ ጋር በአስጎብኚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በእምነት ብንለያይም ባለቤታቸው ወይዘሮ ነኢማ፣ «መንገዱን አብረኸው የሄድክ አንተ ነህ፣ አንተ አንብብልን» ስላሉኝ፣ የማውቀውን ጽፌ በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

አቶ ሙሀባው ሰይድ ከአባታቸው ከአቶ ሰይድ እንድሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጡማ አሊ በ1958 ዓ.ም. በደባርቅ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራዩ ሰው ስለነበሩ፣ እርሳቸውም እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በቅሎ እየጫኑ ወደ ሳንካበርና ወደ ግጭ ይመላለሱ ጀመር። እንግሊዝኛውን ከእንግዶቹ አፍ ለቅመው፣ የተራራውን ጠባይ ከሽማግሌዎች ተምረው፣ ከበቅሎ ጫኝነት ወደ ምግብ አብሳይነት፣ ከዚያም ወደ አስጎብኚነት ከፍ አሉ። እንግዶቻቸውን ገደል አፋፍ ሣር ላይ አስቀምጠው፣ ጭላዳ ሣር እየነጨ የሚኖር ሰላማዊ ፍጥረት መሆኑን፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ ግን «በቃ፣ አትቅረቡኝ» ማለቱ እንደሆነ በትዕግሥት ያስረዱ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የእናታቸው ሕመም የአስጎብኚነት ገቢ ከሚችለው በላይ ስለሆነባቸው፣ በሾፌርነት ቪዛ ወደ ሪያድ መጥተው በራውዳ ሰፈር ዶክተር አብዱልፈታህ በተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቤት ሥራ ጀመሩ። በሺፋ በቤት ሠራተኛነት ያገለግሉ የነበሩትን የወሎዋን ወይዘሮ ነኢማንም በ1999 ዓ.ም. በኒካህ አግብተው፣ ሀጅራንና ኡስማንን ወለዱ።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው ቀን ግን የመጣው ከጋብቻቸው በኋላ፣ የዶክተሩን ቤተሰብና እንግዶቻቸውን ይዘው ወደ ጣኢፍ በሄዱ ጊዜ ነው። እንደምታውቁት በዚያ ተራራማ መንገድ ዳር ባለጋማ ዝንጀሮዎች ይሰበሰባሉ፤ መንገደኛውም ከመኪና መስኮት ዳቦና ሙዝ ይወረውርላቸዋል። እንግዶቹ መወርወር ሲጀምሩ አቶ ሙሀባው መኪናውን አቁመው ወረዱና፣ እንዲህ የለመደ ዝንጀሮ ነገ መኪና እንደሚበላው፣ ልጅ እንደሚነክስ፣ ምግቡን መፈለግም እንደሚረሳ ለከፊላቸው፣ ለአሠሪያቸው ለዶክተሩ፣ በእንግዶቹ ፊት ተናገሩ። በዚያ ዘመን ሾፌር ከፊሉን በእንግዳ ፊት ማረም የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ፣ አስመትቶ ወደ አገር ሊያስመልስ የሚችል ድፍረት ነበር፤ ወይዘሮ ነኢማም በዚያን ጊዜ ሀጅራን አርግዘው ነበር። ዶክተሩ ግን «ታዲያ እንዴት ነው የሚታዩት?» ብለው ጠየቁ። አቶ ሙሀባው ሁሉንም ከመንገዱ ራቅ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው። ዝንጀሮዎቹም ምግብ እንደሌለ ሲያዩ ወደ ኑሯቸው ተመለሱ፤ እናት ልጇን ስትቀምል፣ ወንዱ መንጋውን ሲሰበስብ ቤተሰቡ እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ ተመለከተ። ዶክተር አብዱልፈታህ ወደ መኪናው ሲመለሱ ከኋላ ሳይሆን ከሾፌራቸው ጎን መቀመጣቸውን አቶ ሙሀባው ለብዙ ዓመት እየተገረሙ ያወሩት ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የትምህርት ዕረፍት ዶክተሩ ቤተሰባቸውን ይዘው፣ በአቶ ሙሀባው መሪነት ስሜን ወጡ። እኔም ያን ጊዜ ምግብ አብሳያቸው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የዶክተሩ ወንድም ፈሪድ፣ የጉዞ ቢሮ ስለነበራቸው፣ የአቶ ሙሀባውን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ ወደ ቢሮው አዛውረው ከሪያድ ወደ ስሜንና ወደ ጓሳ የሚሄዱ መንገደኞችን ሁሉ በእርሳቸው እጅ ሰጡ፤ እኔንም ኋላ ወደ ሪያድ ያስመጡኝ አቶ ሙሀባው ናቸው። ተጓዦቹን ከመሄዳቸው በፊት ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት ሪያድ ዳር ወዳለው ሸለቆ፣ ወደ ዋዲ ሀኒፋ፣ ወስደው ያስኬዷቸው፣ ስልካቸውን ሰብስበውም ሩብ ሰዓት ጸጥ ብለው እንዲቀመጡ ያደርጓቸው ነበር። የራሳቸውን ስልክ ማንሳት ግን ፈጽሞ አይሆንላቸውም ነበር፤ በዚህም ወይዘሮ ነኢማ ስንቱን መንገደኛ ይቅርታ እንደጠየቁ እርሳቸው ያውቃሉ።

የዕድሜ ልክ ምኞታቸው የተራራ ጎሪላን በዓይናቸው ማየት ነበር። ይህንን የሚያውቁ አሮጌ መንገደኞቻቸው በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ለምስጋና ብለው በስማቸው ፈቃድ አውጥተው፣ እኔንም ጨምረው ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ቡዊንዲ ደን ወሰዷቸው። ወደ ጫካው በምንገባበት ጠዋት አቶ ሙሀባው ጉሮሯቸውን ከርክሯቸው ተነሡ፤ ሁለት ጊዜም ሳሉ። የሰማቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሰው ጉንፋን ጎሪላን ሊገድል ስለሚችል የታመመ ሰው አይገባም። «ጋሼ፣ ቀላል ነገር ነው፣ ዝም ይበሉ» አልኳቸው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። እርሳቸው ግን ቀጥ ብለው ሄደው ለደኑ ጠባቂ ነገሩ። ወዳጆቻቸው አፍዎን ሸፍነው ከኋላ ይከተሉን ብለው ቢለምኗቸው እንዲህ አሉ፦

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰዉን ራቅ በሉ ስል ኖሬ፣ ዛሬ ለራሴ ሲሆን ልቅረብ?»

ቀኑን ሙሉ ከጫካው በር ላይ ተቀምጠው ቆዩን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ስምንታችንንም ተራ በተራ አስቀምጠው፣ ስንት እንደነበሩ፣ እናቲቱ ልጇን በደረቷ ይሁን በጀርባዋ እንዳዘለች፣ ትልቁ ወንድ ሲነሣ ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ ጠየቁን። አንዱም ጥያቄ መልስ አላጣም፤ እንድናይ ያስተማሩን እርሳቸው ነበሩና። በመጨረሻም «አልሐምዱሊላህ፣ በስምንት ሰው ዓይን አየኋቸው» ብለው ሳቁ።

በቀጣዩ ወር ኮሮና ድንበሩን ዘጋ፤ ቀጥሎም ኩላሊታቸው ታመመና በሳምንት ሦስት ቀን በመሣሪያ ደማቸውን ማሳጠብ ግድ ሆነባቸው። በአምስት ዓመት ሕመም ውስጥ ጎሪላውን አለማየታቸውን ሲያማርሩ የሰማ የለም። መንገደኞቻቸው በተራ እየነዱ ሆስፒታል ያደርሷቸው፣ ፈሪድም ኢቃማቸውን ሥራ ባይሠሩም በየዓመቱ ያድሱላቸው ነበር፤ ቤተሰቡ ለዚህ ሁሉ ምስጋናው የላቀ ነው።

አቶ ሙሀባው ባለፈው ማክሰኞ በስልሳ ዓመታቸው ወደ አኼራ ተሻገሩ። በማግስቱ በነሲም መቃብር፣ ቃሬዛቸውን የእኛ አገር የቀን ሠራተኞችና የራውዳ መምህራን እየተቀባበሉ ተሸከሙት።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ነኢማ ሌላ፣ ዘንድሮ በጎንደር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የጀመረችውን ሀጅራን፣ በዚሁ በሪያድ የሚማረውን ኡስማንን፣ በደባርቅ የሚኖሩ ሁለት እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ዝም ብሎ መቀመጥን ያስተማሩንን ብዙዎቻችንን ትተው ሄደዋል። አላህ መቃብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸውም፤ ጀነተል ፊርዶስን ይወፍቃቸው፤ ለቤተሰባቸው ሶብር ይስጥልን። አሚን።