ሽማግሌ ያልቀደመው መርከብ

ከኢምፔሪያል ወደ ጎሮ በታክሲ ስሄድ ሁለት ፍቅረኞች አጠገቤ ተቀመጡ፤ እሷ መስኮቱ ጋ፣ እሱ መሀል።

«ለገና ከዱባይ በመርከብ እንነሳለን። ሙስካት፣ ዶሃ... ሙቀት በሙቀት!» አላት።

«አባዬንስ ምን ልበለው?»

«የሥራ ሥልጠና በይው።»

«በገና? መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ አላልኩህም?»

«ስንመለስ እልካለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ከመርከብ በኋላ የመጣ ሽማግሌ የአባዬን በር አያልፍም!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ከኋላችን የተቀመጡ እናት ጎንበስ አሉ።

«አንቺ የጋሽ ታደሰ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ እትዬ» አለች ደንግጣ።

«አንተ ልጄ፣ ሽማግሌ ቸግሮህ ከሆነ ባለቤቴ አለልህ። ለእሁድ ልንገረው?»

«ወራጅ አለ!» አለ ልጁ።

እሱን ካሳለፍኩት በኋላም፣ ትከተለው ይሆናል ብዬ ጉልበቴን እንደሰበሰብኩ ጎሮ ደረስኩ።