በአዛዡ ማህደር ውስጥ ያለው ቢጫ ወረቀት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ወንበር ደርድራችሁ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ ነበር የምቀመጠው። ዛሬ ግን ማይክ ፊት አቆማችሁኝ።

የዩኒቨርሲቲያችን የሠራተኞች መዝገብ ቤት ስገባ ክፍሉ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ እሱንም መደርደሪያ ጋርዶታል። ብዙዎቻችሁን በአካል ከማወቄ በፊት በጉርድ ፎቶግራፋችሁ ነው ያወቅኳችሁ። ዲናችን ጎፈሬ እንደነበራቸው እዚህ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? ሳቁ ግድ የለም፣ እሳቸውም እየሳቁ ነው። "እትዬ ማህደር" ስትሉኝ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ልጆቼም ቤት ውስጥ እንዲያ ይጠሩኝ ጀመር።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። የታይፑ ኳኳታ፣ የአቧራው ሽታ፣ ከጎኔ የምትቀመጠው የነፍስ ጓደኛዬ ሳቅ። ነፍሷን ይማረውና፣ የቢጫውን ወረቀት ነገር ያስተማረችኝ እሷ ናት። የአንድ ሰው ማስረጃ ሲጎድል በቦታው ቢጫ ወረቀት እናስገባና "ይቀርባል" ብለን በእርሳስ እንጽፋለን። "ሰውን ለአንዲት ወረቀት አታመላልሺ" ትለኝ ነበር። ስንቱ ሰው በዚያ ወረቀት እፎይ ብሏል!

ታዲያ ዛሬ ይህን ምን አስነሳኝ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ግቢው የሚያወራው ስለ አንድ ሰው ነው። የግቢያችን ፖሊስ አዛዥ ዲግሪ ሳይኖረው እንዴት ተቀጠረ? የተማሪዎቹ ጋዜጣ ጠየቀ፤ ደግ አደረገ፣ መጠየቅ አለበት። ካፍቴሪያ ውስጥ የምሰማው ግን "ዋሽቶ ነው የገባው" የሚል ነው። አጣሪ ኮሚቴው ሰኞ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

አልዋሸም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመና "እትዬ፣ ዲግሪዬን አልጨረስኩም፤ አንድ ዓመት ይቀረኛል። ማስታወቂያው ደግሞ ይጠይቃል። ልመለስ?" አለኝ።

"ምን ያስመልስሃል፣ ወንድሜ! ስትጨርስ ታመጣዋለህ" አልኩትና ቢጫዋን ወረቀት አስገባሁ። ቀጣሪዎቹ የጠየቁት ስድስት ማስረጃ ነበር፤ ቢጫዋን ጨምረው ስድስት ወረቀት ቆጠሩና አሳለፉት። በዓመቱ እናቱ አልጋ ላይ ዋሉ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። እኔም "ወረቀቱ የት ደረሰ?" ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።

የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈሰሰ ዕለት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከተማሪዎቹ ጋር መጽሐፍ ሲሸከም የዋለው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮው ሄጄ "ለምን እውነቱን አትናገርም?" አልኩት።

"እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በመጨረሻው ሳምንት ስምዎ በክፉ አይነሳም። እርስዎ በሰላም ይሸኙ፤ እኔ እችለዋለሁ" አለኝ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ አስገብቻለሁ። ቦታው ላይ ይቆይ አይቆይ እናንተ በደንቡ መሠረት ትወስናላችሁ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። መዝገብ ቤት የምትቀሩት ልጆቼ፣ ለሰው መራራታችሁን አትተዉ፤ የጎደለውን ግን ጎደለ በሉ። ጥፋታችሁን በራሳችሁ አፍ የምትናገሩበት ድፍረትና ዕድሜ ይስጣችሁ።

አንተም አዛዥ፣ በሩ ጋ መቆሙን ተውና ና ተቀመጥ። መታወቂያዬን ዛሬ አስረክቤያለሁ። ሰኞ ኮሚቴው ፊት ልቀርብ ስመጣ ጠባቂዎችህ እንደ ማንኛውም እንግዳ ይመዝግቡኝ። "ጉዳይዎ ምንድን ነው?" ሲሉኝ፣ ያልጨረስኩት ሥራ አለኝ እላቸዋለሁ።