አምስት ትርፍ ፊደል

ልደታ ማርያም ጋ ከተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ጎናቸው ላለው የሰፈራቸው ልጅ ያወራሉ።

«ደባሌን ረታኋት! ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየ!»

«እሰይ እትዬ! ግን ወረቀቱ ላይ የፈረሙት እርስዎ አይደሉ?»

«ፈርሜያለሁ፤ ማድቤቴን እንድትጠቀም ብዬ። እሷ መስመሩ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ አገኘችና ‹ማድቤቱን› የሚለውን ‹ማድቤቱንና ጓዳውን› አደረገችው። የምተኛባትን ጓዳ! የጸሐፊውን እጅ አስመስላ!»

«ታዲያ በምን ተያዘች?»

«ማመልከቻ ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ፊደሉን አንድ በአንድ ይቆጥርና ድምሩን ከግርጌ ያሰፍራል። ያን ለት ‹ምን ያንዛዛሃል?› ብዬ ተቆጥቼው ነበር።»

«ቁጥሩንስ ለምን አልቀየረችውም?»

«የት አባቷ! ፊርማዬ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነው። የቀበሌው ማኅተምም የተመታው እዚያው ላይ ነው። ቁጥሩን ብትፍቅ ፊርማውም ማኅተሙም አብረው ይሄዳሉ።»

«ሸንጎው ቆጠረ?»

«‹እኔ ልቁጠር› አልኩ። መሠረተ ትምህርት ስገባ ‹በስተርጅና!› ብላ የሳቀችብኝ እሷ አይደለች? ጣቴን እያስኬድኩ፣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩላት። አምስት ፊደል ተረፈ!»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹ተሳስታለች፤ እኔ ልድገመው› አለች። ደገመችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ለእሷም አምስት ተረፈ!»

ጠዋት ሳላነብ የፈረምኩትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰንጋ ተራ እስክንደርስ ፊደሉን በልቤ ቆጠርኩ።